የዋልታው ክፍል መዘውር

ኢክራም ዩሱፍ በሕይወቷ በዓይኗ ያየችው ትልቁ በረዶ ከማቀዝቀዣ የወጣ፣ በአንድ መዳፍ የሚያዝ ቁራጭ ነበር። ያም ሆኖ የድሬዳዋ የልጆች ሳይንስ ቤት የዋልታዎችን ክፍል እንድትሠራ የመረጠው እሷን ነው። ሙያዋ ለልጆች ኤግዚቢሽን መንደፍ ነው። ከዚያ በፊት የምስጥ ኩይሳ ሠርታለች፣ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ሠርታለች፤ ልጆች በአንዱ በር ገብተው በሌላው የሚወጡበትን የሰው ልብ ደግሞ ወላጆች እስከዛሬ መንገድ ላይ እያስቆሙ ያነሱላታል።

በረዶው ግን ገና ከቃሉ ጀምሮ አስቸገራት። ሰማይ የሚያወርደውም በረዶ ነው፤ ጁስ ቤት ብርጭቆ ውስጥ የሚንሳፈፈውም በረዶ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚሰፋ አገር ሸፍኖ የኖረውም ያው በረዶ ነው። ሥራውን ስትጀምር ሰፈሯ ላሉ ልጆች ወረቀት ሰጥታ በረዶ ሣሉልኝ ብላ ነበር። ግማሾቹ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርዱ ጠጠሮች ሣሉ። ግማሾቹ ማንጎ ጁስ ሣሉ። አንዱ ወረቀቱን ባዶውን መለሰላትና፣ «ነጭ ነው አሉ» አላት።

ሁለተኛው ችግር «ሰሜን» የሚለው ቃል ነው። በድሬዳዋ ሰሜን ሲባል ጎንደርን የሚያስብ ሰው ከቀረ ቆይቷል። የዓረብ አገር በጋ ሰው የማይችለው ከሆነ ወዲህ የሥራ መንገድ ወደ ላይ ዞሯል፤ የከተማው ወንድም ሴትም ሻንጣውን ይዞ የሚሄደው በረዶው በለቀቀው የግሪንላንድ ጠረፍ ወደ ተሠሩት ወደቦች ነው። መጋላ ገበያ ውስጥ ከነጠላ ጫማው ጎን የበግ ፀጉር የተለበጠ ቦት ጫማና ወፍራም ጓንት ይሸጣል። ሻጩ በላብ ተጠምቆ ጓንቱን ለገዢ እየለካ ያሳያል። ሰው ከሰው ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀው «የሰሜኑ ሰውሽ ደህና ነው?» ብሎ ነው።

የከተማው ቀን የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ሳይረኑ ይነፋል፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ባጃጅ ይቆማል፣ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳን አይታይም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሳይረኑ እንደገና ይነፋና ሰው ይወጣል። ከሁለቱ ሳይረኖች መሃል ያለውን ጊዜ ሁሉም «ጥላ» ይለዋል። ኢክራም አብዛኛውን ሥራዋን የሠራችው በጥላ ነው፤ ሌላው ሰው ሲተኛ እሷ በባዶው ክብ ክፍል ወለል ላይ በደረቷ ተኝታ ሽቦ ትቀጥል ነበር።

ክፍሉ ወለሉ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ወለሉ ዓለምን ከአናቷ በኩል ያሳያል፤ የሰሜን ዋልታ መሃል ላይ ነው። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ። በረዶው ላይ ሲቆሙ እግራቸውን ይቆረጥማቸዋል፤ ባሕሩ ላይ ሲረግጡ ለብ ይላል። ከመሃል ትንሽ ወጣ ብሎ ከባቡር ጋራዡ የመጣ የብረት መዘውር ቆሟል። ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ዓመቱ ወደፊት ይሄዳል፣ ወደ ግራ ሲያዞሩት ወደኋላ። መነሻው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ነው፤ መጨረሻው ዛሬ። የእያንዳንዱን ዓመት በረዶ ኢክራም ከሳተላይት መዝገብ ወስዳ በቦታው አስገብታዋለች። የተሳሳተ ነገር አልነበረውም።

በመጀመሪያው የሙከራ ቀን ከሳቢያን ሰፈር አንድ ክፍል ተማሪዎች ከነመምህራቸው መጡ። ልጆቹ መዘውሩን እንዳዩ ተሻሙበትና ወደ ቀኝ አሽከረከሩት። በረዶው ተሰነጣጠቀ። ግግሩ እንደ ሕንፃ ተደርምሶ ባሕር ውስጥ ገባ፤ ሰማያዊ ብርሃን ከእግራቸው ሥር ተነሥቶ እስከ ግድግዳው ተጥለቀለቀ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያም በቅብብል ወደኋላ መልሰው እንደገና አፈረሱት።

የሳይንስ ቤቱ ኃላፊ አቶ መርዕድ በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ስድሳውን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ድሬዳዋ ውስጥ አንቱታ ብዙም ስለማይዘወተር ኢክራም «ጋሽ መርዕድ» ብላ አንተ ትለዋለች።

«የሚያጨበጭቡት ለምኑ ነው?» አላት።

«ሲፈርስ ያምራል ጋሽ መርዕድ። እኔም መጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኛል።»

«እንዲያዝኑ ነበር የፈለግነው።»

«እኔ እንዲጠይቁ ነው የፈለግኩት» አለች ኢክራም። ግን እስካሁን የጠየቀ ልጅ አልነበረም፤ ይህንንም ሁለቱም ያውቃሉ።

ሌሎቹ ሰልችቷቸው ወደ ምስጡ ኩይሳ ሲሮጡ አንዲት ልጅ ቀረች። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯ ሁለት ላይ ተጎንጉኗል። መዘውሩን ብቻዋን ይዛ በጣም ቀስ አድርጋ ወደኋላ ታዞረው ጀመር። በረዶው ከመሃል እየሰፋ መጣ። ግሪንላንድ ጫፍ ላይ የምትበራ አንዲት ትንሽ ቢጫ ነጥብ ነበረች፤ በረዶው ደርሶ ዋጣት። ልጅቷ እጇን አቆመች።

«ቲቸር፣ ያቺ መብራት ወደቡ ነበረች አይደል?»

«አዎ። ስምሽ ማነው?»

«ቢፍቱ። አባቴ እዚያ ክሬን ነው የሚነዳው።» መዘውሩን ትንሽ ወደፊት መለሰችው፤ ነጥቧ በራች። እንደገና ወደኋላ አለችው፤ ጠፋች። «በረዶው እዚህ ሲደርስ የአባቴ ቤት የት ይሄዳል?»

ኢክራም አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «ያኔ ቤቱ አልነበረም። መሬቱ ራሱ ከበረዶው ሥር ነበር።»

«ምን ያህል ሥር?»

«ይሄን ሕንፃ ዐሥር ጊዜ ብትደራርቢው ያህል።»

ቢፍቱ ወለሉን ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ መዘውሩን በሁለት እጇ ይዛ ዛሬ ላይ እስኪቆም ድረስ በኃይል ወደ ቀኝ አዞረችው። በረዶው ሁሉ ፈረሰ፤ ነጥቧ በራች። «እንዲህ ይሁን» አለችና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወጣች።

ኢክራምና መርዕድ ባዶው ክፍል ውስጥ ተያዩ።

«ወደቡን አውጪው» አለ መርዕድ።

«ለምን?»

«ስለ በረዶ ነው የምናወራው። ይህች ልጅ በረዶው እንዲመለስ አልፈለገችም። አየሻት እኮ።»

«ከሦስት ቤት አንዱ እዚያ ሰው አለው። ወደቡን ባወጣው ቤታቸው ሄደው አያውቁትም?»

«እውነት ቢሆንም አውጪው» ብሎ ወጣ። ኢክራም አብራው በሠራችባቸው ዓመታት እንዲህ አጭር ትእዛዝ ሰጥቷት አያውቅም። ስለ መርዕድ የምታውቀው ብዙ አይደለም። በልጅነቱ ከጅቡቲ እንደመጣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ግን አያነሣውም።

ወደቡን ወዲያው አላወጣችውም። ልጅቷ የጠየቀቻት ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ወልዶባት ነበር፤ አጠገቡ የሚኖር ሰው በረዶውን እንዴት ያየዋል? ምን ይመስላል፣ ምን ይሰማል? ሳተላይቱ ይህንን አልመዘገበም። በማግስቱ የማታው ሳይረን እንደተነፋ ለገሃሬ ሰፈር ወርዳ የቢፍቱን ቤት አፈላልጋ አንኳኳች።

የቢፍቱ እናት ፈቲያ ሳምቡሳ እየጠቀለለች ነበር። እጇን ሳትታጠብ ተነሣች። «ምን አጥፍታ ነው?»

«ምንም አላጠፋችም። ጥሩ ጥያቄ ስለጠየቀችኝ ነው የመጣሁት። ባልሽን ላነጋግረው ፈልጌ ነበር።»

ፈቲያ ገርሟት ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን አበራች። ቃሲም ከፈረቃ እንደወጣ ተገኘ። ፊቱ ሰፊ፣ ጢሙ ያልተላጨ ነው፤ የጃኬቱን ዚፕ ከፍቶታል። ከኋላው ባለው መስኮት ዝናብ ይወርዳል። ኢክራም ማን እንደሆነችና ምን እንደምትሠራ ነገረችው። ከዚያ ስለ በረዶው ጠየቀችው።

ቃሲም ጭንቅላቱን አከከ። «እህቴ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። እዚህ ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው፤ በረዶ በዓይኔ አላየሁም። ክረምቱ ዝናብ ነው፣ በጋው ጭቃ ነው። በረዶው ወደ ውስጥ ሸሽቷል ይላሉ። የወደቡ አውቶቡስ እዚያ አይደርስም።»

ፈቲያ ዞር አለች። «ያ በረዶ ላይ ቆመህ የላክህልኝ ፎቶስ?»

«እሱማ የአየር ማረፊያው ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ነው።»

«ጎረቤት ጠርቼ ያሳየሁትን?»

«አዲስ የመጣ ሁሉ እዚያ ግድግዳ ፊት ይነሣል ፈቲ። እኔ ብቻ አይደለሁም።»

ፈቲያ ልትቆጣ ፈልጋ ሳቅ ቀደማት። ቢፍቱ ከእናቷ ጀርባ ሆና አባቷን በአንክሮ ታየዋለች።

«ሄደህ ብታይልኝስ?» አለች ኢክራም። «የዕረፍት ቀንህ ላይ። ስልክህን ይዘህ ሂድና የምታየውንና የምትሰማውን ቅዳልኝ።»

«በረዶ ምን ያወራል ብለሽ ነው?»

«አላውቅም። ለዚያ ነው የምጠይቅህ።»

ቃሲም ወደ መስኮቱ ዞሮ ዝናቡን አየ። «ይገርማል» አለ። «ይሄን ያህል ዓመት ስኖር እኔም አልጠየቅኩም።»

ሳምንታት አለፉ። ኢክራም ወለሉን አስተካከለች፣ ቅዝቃዜውን ቀነሰች፤ ልጆች እግራቸው እየደነዘዘ ያለቅሱ ነበርና። መርዕድ በየቀኑ ይመጣል፣ ቢጫዋ ነጥብ አለመጥፋቷን ያያል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ሁለቱ ስለ ሽቦና ስለ ቀለም ብቻ ይነጋገሩ ነበር። የመክፈቻው ቀን ሲቃረብ ግን መርዕድ፣ «በነጥቧ ጉዳይ ሳትወስኚ የግብዣውን ወረቀት አልበትንም» አላት።

ቃሲም የደወለው በዚያው ሰሞን፣ በጥላ ነው። ድምፁ ከወትሮው ፈጠን ብሏል።

«አገኘሁት» አላት። የወደቡን አውቶቡስ የምትነዳ ኒቪ የምትባል ሴት አለች፤ የዚያው አገር ተወላጅ ናት። እባክሽ በረዶ ልይ ሲላት መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ነበር። በኋላ በራሷ መኪና ወሰደችው። መንገዱ ሲያልቅ በእግራቸው ሄዱ። «ድንጋይ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ድንጋይ ነው። ድካም ገድሎኝ እንመለስ ልላት ስል ከፊታችን ተገተረ። ነጭ ይሆናል ብዬ ነበር። ቆሻሻ ነው እኮ! ግራጫ ግድግዳ፤ ስንጥቁ ውስጥ ግን ሰማያዊ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም። ከሥሩ ወንዝ ይወጣል፤ የእኛ ደቻቱ ወንዝ ሲሞላ እንደሚጮኸው ይጮኻል።»

«ከዚያስ?»

«ኒቪ ከወደቀው በረዶ ሰባብራ ኩባያ ውስጥ ውሃ ላይ ጣለችውና ጆሮህን አስጠጋ አለችኝ። የቀዳሁልሽ እሱን ነው። ስሚው።»

ኢክራም ሰማችው። ጠሽ ጠሽ ይላል፤ ፈንዲሻ ክዳን ባለው ድስት ውስጥ ሲፈነዳ ከሩቅ ሆነው የሚሰሙት ይመስላል። አንዳንዴ ዝም ይልና እንደገና ይጀምራል።

«አየር ነው» አለ ቃሲም። «በረዶው ሲሠራ የተያዘ አየር። ሰው ቤት መሥራት ሳይጀምር የታሰረ ነው አለችኝ። አሁን ነው የሚፈታው። አፍንጫዬን አስጠግቼ ሳብኩት።»

«ምን ይሸታል?»

«ምንም። ምንም ነገር አይሸትም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለቢፍቱ ግን አሁን እንዳትነግሪያት። በየዓመቱ ከእኛ በላይ ያለው የመርከብ መንገድ በረዶው ቀልጦ ቀደም ብሎ ሲከፈት እዚህ እንጨፍራለን። ብዙ መርከብ ማለት ነው፣ ብዙ ሥራ። እኔም ጨፍሬያለሁ። ኩባያውን ይዤ ሲፈነዳ ስሰማ… ምን ልበልሽ። አልተጸጸትኩም፤ ልጄን የማበላው በሱ ነው። ግን እስከዛሬ በምን ላይ እንደምጨፍር አላውቅም ነበር። አሁን አወቅኩት።»

ስልኩን ከዘጉ በኋላ ኢክራም መርዕድን ጠርታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችውና ድምፁን ከፈተችለት። ምን እንደሆነ አልነገረችውም። መርዕድ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ዘይት ነው?» አለ።

«በረዶ ነው። ሲቀልጥ።»

መርዕድ ዓይኑን አልገለጠም። «ቀልጦ እኛ ቤት የመጣው ባሕር ድምፅ አልነበረውም» አለ። «ሰው ባሕር ሲመጣ ማዕበል ይመስለዋል። አንድ ቀን ጠዋት ጓሮው ረጠበ፤ እናቴ ጠረገችው። በሳምንቱ ጨው ግድግዳው ላይ ወጣ። እሷ ትጠርገዋለች፣ እሱ ይወጣል። እንዲህ ስንል ዓመታት ከረምን። ከዚያ አባቴ በሩን ነቅሎ ባቡር ላይ ጫነና መጣን። ጥሩ እንጨት ነበር።»

ኢክራም አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ያቺን ነጥብ ባየኋት ቁጥር» አለ መርዕድ፣ «እዚህ የበራው እዚያ ከእኛ ቤት የጠፋው ይመስለኛል። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። አባቷም አላጠፋም። ግን እንዲህ ይሁን ስትል የእናቴ መጥረጊያ ታየኝ።»

«ታዲያ አንተንም ላስገባህ» አለች ኢክራም።

«የት?»

«ወለሉ ላይ። መንገዳችሁ የት ነበር?»

መርዕድ ወለሉን በእጁ ተደግፎ ተነሣ። ወደ ካርታው ጠርዝ ሄደና በጫማው ጫፍ ጠቆማት፤ ጅቡቲ እዚያ አልነበረችም፤ ወለሉ ከዚያ በፊት ያልቅ ነበር። ኢክራም በቀሩት ቀናት ጠርዙን አፍርሳ ወለሉን እስከ ቀይ ባሕርና ከዚያም አልፋ ዘረጋችው። መርዕድ የመንገዱን ቅርጽ በጣቱ እየሣለ አሳያት፦ ዳቦ ቤቱ፣ መስጊዱ፣ ባሕር ዳር ያለው ሜዳ። እያንዳንዳቸው ባሕሩ ሲደርስባቸው የሚጠፉ ጥቃቅን መብራቶች ሆኑ። የቃሲምን ኩባያ ድምፅ ከበረዶው ሥር አስገባችው፤ የሚሰማው ለሚሮጥ ሳይሆን ተንበርክኮ ጆሮውን ወለሉ ላይ ላስጠጋ ልጅ ብቻ ነው። ማብራሪያ የሚሰጥ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ እንዳይሰቀል ተስማሙ።

በመክፈቻው ቀን ሰው ፀሐይ ሳትወጣ ተሰለፈ። ወላጆች በክፍሉ ዳር ቆሙ። ልጆቹ ገቡና እንደተለመደው መዘውሩን አሽከረከሩት፤ በረዶው ፈረሰ፤ ጭብጨባ ተጀመረ። ግን አንዱ ልጅ ከሩቁ ጠርዝ ጮኸ፣ «እዚህ መብራት ጠፋ!» ሌላው ከመሃል መለሰለት፣ «እዚህ ግን በራ።» ወደኋላ አዞሩት፤ ተገላበጠ። መልሰው አዞሩት፤ ተገላበጠ። ማጨብጨቡ ቆመና ክርክር ተነሣ። ሁለት ሴት ልጆች በሆዳቸው ተኝተው ጆሯቸውን በረዶው ላይ ለጥፈዋል፤ አንዷ ሌላዋን ዝም በይ ትላታለች።

ቢፍቱ ተራዋ ሲደርስ መዘውሩን ያዘች። የአባቷን ወደብ ነጥብ አየች፤ ከዚያ በጠርዙ በኩል የጠፉትን መብራቶች አየች። «ያ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የእኔ» አለ መርዕድ። ከወላጆቹ ጋር ዳር ላይ ቆሟል።

ቢፍቱ መዘውሩን ወደ ግራ አለችው። የመርዕድ መንገድ መብራቶች አንድ በአንድ በሩ፤ ዳቦ ቤቱ፣ መስጊዱ፣ ሜዳው። በረዶው ግን ወደ ወደቡ እየተጠጋ ነበር። አቆመች። አንድ ጣት ያህል ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ግማሽ ጣት ወደ ግራ። ምላሷን በጥርሷ ይዛ፣ ክር መርፌ ውስጥ እንደሚያስገባ ሰው ትንፋሿን ሳትለቅ ትሞክራለች። ኢክራም ገባት። ልጅቷ የምትፈልገው ሁለቱም የሚበሩበትን ቦታ ነው። መዝገቡን ሁሉ በእጇ ያስገባችው እሷ ናት፤ እንዲህ ያለ ቦታ መኖር አለመኖሩን ግን አንድም ቀን ለማየት አላሰበችም።

መዘውሩ አንድ ጊዜ ጠቅ አለ። በረዶው ከወደቡ መሬት አፈግፍጎ ነጥቧ በራች፤ በወዲያኛው ጠርዝ የመርዕድ መንገድ እስከ ሜዳው ድረስ እንደበራ ነው። ቢፍቱ እጇን ሳታነሣ ቀና አለች።

«ሁለቱም አሉ» አለች። «ይሄ መቼ ነው?»

ኢክራም መዘውሩ ላይ ያለውን የዓመት ቁጥር ለማየት ስትዞር መርዕድ አንብቦ ቀደማት። «ያኔ ልክ እንዳንቺ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።»

«በረዶው እየቀለጠ እንደሆነ ታውቁ ነበር ጋሼ?»

«እናውቅ ነበር። ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ትልልቆቹም ያውቁ ነበር።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ምን ታደርጉ ነበር?»

ድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ማወቅ ብቻ ነው የፈለገችው። ዳር ከቆሙት አንዱ አባት ጉሮሮውን ጠረገና ወደ በሩ አየ። መርዕድ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፣ ካልሲውን አወለቀ፤ ቀስ ብሎ ወለሉን አቋርጦ መንገዱ ከበራበት ደረሰና ሜዳው አጠገብ ተቀመጠ።

«ጠዋት ጠዋት ኳስ እንጫወት ነበር» አለ። «እዚህ ጋ። ኳሷ ባሕር ውስጥ ስትገባ የሚያወጣት ዋና የሚችለው ልጅ ነው፤ እኔ አልችልም ነበር። ትልልቆቹ ደግሞ…» ቆም አለ። «ትልልቆቹ ምን ያደርጉ እንደነበር ቆይ ላስታውስ። በደንብ ነው የምነግርሽ።»

ልጆቹ ተራቸውን ትተው ወደሱ ተጠጉ፤ ከፊቱ በግማሽ ክብ ቁጭ አሉ። ቢፍቱ አልተጠጋችም። ሌላ ልጅ መጥቶ እንዳያዞርባት መዘውሩን በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ይዛ፣ ከቆመችበት ሆና ታዳምጠው ጀመር።